ከገፈርሳ ማዶ ያለው የጭቃ ቤት፦ ከጥገና እስከ ሽያጭ

ኅዳር 2016፦ ፍተሻ

ቤቱ የሚገኘው ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ፣ የገፈርሳን ግድብ አለፍ ብሎ፣ ዛሬ ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ክልል ውስጥ ነው። አያታችን ያሠሩት ጣሊያን ከወጣ በኋላ እንደሆነ በቤተሰቡ ይነገራል። ግድግዳው የእንጨትና የጭቃ፣ መሠረቱ በጭቃ የተገነባ ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጣውላ ሲሆን፣ ፊቱንና ምሥራቃዊ ጎኑን በረንዳ ይዞታል። አባታችን ካረፉ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ስለቆየ ወራሾቹ ለመሸጥ ተስማምተናል። ማስታወሻውን የምይዘው ወጪውን ለወንድሞቼና ለእህቶቼ ለማስረዳት፣ የተሠራውንና ያልተሠራውንም ለሚገዛው ሰው በጽሑፍ ለማስረከብ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ደላላ ጥገናውን አልወደደውም። «ጌታው፣ ሰው እዚህ ድረስ የሚመጣው ለመሬቱ ነው። ይህን አሮጌ ቤት አፍርሳችሁ ቦታውን ብታሳዩ ቶሎ ይሸጣል» አለኝ። ገበያውን በተመለከተ አልተሳሳተም፤ ነገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ አይሸጥም፤ በውል የሚተላለፈው በላዩ ያለው ቤት ነው። ቤቱን አፍርሰን ብንጠብቅ ገዢ ይመጣ ይሆናል እንጂ በሕግ የምንሸጥለት ነገር አይኖረንም። ስለዚህ ቤቱ መቆም አለበት፤ ከቆመ ደግሞ ሰው ገብቶ ሊኖርበት የሚችል ሆኖ ቢቆም ይሻላል የሚለውን ወራሾቹ ሁሉ ተቀብለውታል። ወጪው ላይ ግን ጣሪያ አበጅተናል፤ ከ350 ሺህ ብር እንዳያልፍ።

ፍተሻውን ያደረግነው በአካባቢው የጭቃ ቤት በመሥራት ዕድሜያቸውን ከገፉ አናጺ ጋር ነው። በመዶሻ እጄታ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ እየመቱ ያዳምጣሉ። ጭቃው ከማገሩ ጋር ተያይዞ ባለበት ቦታ ድምፁ ድፍን ነው፤ በተለያየበት ቦታ ባዶ ይሆናል፤ ያንን በጠመኔ ይከቡታል። ፍተሻው ሲያበቃ የሰሜኑና የምዕራቡ ግድግዳ የታችኛው ክፍል ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ተከቦ ነበር።

ምክንያቱ ሦስት ነገር ነው፤ ሦስቱም ከቤቱ ዕድሜ ጋር ግንኙነት የላቸውም። በ1980ዎቹ ውስጥ በውጭው ግድግዳ ላይ የዶሮ ሽቦ ተመትቶ የሲሚንቶ ልስን ተለስኗል። ሲሚንቶው በጊዜ ብዛት ሲሰነጠቅ ዝናብ በስንጥቁ ይገባል፤ የገባው ግን ተመልሶ መውጫ የለውም። ከጣውላው ወለል ሥር አየር የሚያስገቡት በመሠረቱ ድንጋይ መካከል የተተዉ ቀዳዳዎችም አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በዚያው ሲሚንቶ ተደፍነዋል። የአበባ መደቡ ደግሞ በየዓመቱ አፈርና ፍግ ሲጨመርበት ከፍ እያለ መጥቶ የድንጋዩን መሠረት ውጦታል፤ በምዕራብ በኩል አፈሩ ከእንጨቱ እግር በላይ ደርሷል። የበሰበሰ የጭቃ ቤት ሲታይ ጭቃው መወቀሱ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን ከማንም ቀድሞ ሊወቀስ የሚገባው እድሳቱ ነው።

ታኅሣሥ፦ ሲሚንቶውን ማንሳትና የቋሚዎቹ እግር

የቀን ሠራተኞቹ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ሥራውን በዲጂኖ ጀመሩት። ሲሚንቶው በትላልቅ ገበታ እየሆነ ይወርድ ነበር፤ ሆኖም ሽቦው በሚስማር ከማገሩ ጋር ስለተያያዘ አንዱ ገበታ ሲወድቅ ማገሩንና ጭቃውን ጠርጎ ወረደ፤ ከሳሎኑ ውስጥ ሆኖ ግቢውን ማየት ተቻለ። አናጺው ሥራውን አስቁመው ዲጂኖውን አስቀመጡና በመሮና በትንሽ መዶሻ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሽቦውን በፒንሳ እየቆረጡ እንዲነሳ አዘዙ። ሥራው በዚህ መንገድ ሲሄድ ይዘገያል፤ የቀን ሠራተኛ ክፍያም 400 ብር ነው። ቢሆንም የወደቀውን ግድግዳ እንደገና ከመማገር ይረክሳል።

ከሲሚንቶው በስተጀርባ ያለው ጭቃ ታኅሣሥ ገብቶ እንኳ በእጅ ሲነካ እርጥብ ነበር፤ ክረምቱ ካለፈ ወራት ተቆጥረዋል። በማዕዘኑ ላይ የቆሙት የጽድ ምሰሶዎች ጤነኞች ናቸው። በመካከል ያሉት የባህር ዛፍ ቋሚዎች ግን ከመሬት እስከ ጉልበት ድረስ ቅርፊታቸው ብቻ ቀርቶ ውስጣቸው ዱቄት ሆኗል። አናጺው ካራቸውን ወደ አንዱ ሲሰኩት ያለምንም ግፊት እስከ እጄታው ገባ፤ ሲያወጡት ስለቱ ላይ እርጥብ ቡናማ ብናኝ ተለጥፎበት ነበር። «ይህን ቤት የያዘው ቋሚው አይደለም ልጄ፣ ጭቃውና ማዕዘኑ ነው» አሉኝ።

ቋሚዎቹን በሙሉ መለወጥ ጣሪያውን ማውረድ ይጠይቃል፤ ስለዚህ የበሰበሰውን እግር ብቻ ለመለወጥ ወሰንን። የጭነት መኪና ክሪክ ተከራይተን በወራጁ ሥር አጠና አቁመን ጭነቱን ከቋሚው ላይ በጥቂቱ እናነሳለን፤ እንጨቱ ጤነኛ እስከሆነበት ድረስ ያለው የታችኛው ክፍል ይቆረጣል፤ አዲሱ እግር ግማሽ በግማሽ ተጠርቦ ይገጥምና በሁለት ቡሎን ይታሰራል። ክሪኩን ፈጥኖ ማንሳት አደገኛ ነው፤ በአንድ ጊዜ ከጣት ውፍረት በላይ ሲነሳ ኮርኒሱ መሰንጠቅ ስለጀመረ ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ፣ ጣሪያውን የሚመለከት ሰው ውስጥ ቆሞ እየተናገረ ነው የተነሳው።

ለአዲሶቹ እግሮች የሚሆነውን እንጨት ማግኘት ሌላ ጥያቄ አስነሳ። ጽድ እርጥበትንም ነቀዝንም ይቋቋማል፤ ነገር ግን ጽድ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ በሕግ የተጠበቁ ናቸው። በገበያ ላይ «ጽድ ነው» ተብሎ የሚቀርብ አዲስ እንጨት ከየት እንደመጣ የሚያስረዳ ወረቀት የለውም። ስለዚህ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ምሰሶ ፈለግን፤ የመጀመሪያውን ጭነት መርካቶ ምናለሽ ተራ አገኘነው። አሮጌ ጽድ ላዩ ግራጫና የሞተ ይመስላል፤ በመላጊያ አንድ ጊዜ ሲላግ ግን ቀዩ መልኩና ሽታው ይወጣል፤ መለያውም ይኸው ነው።

እያንዳንዱ እግር በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ከድንጋዩ ጋር የሚገናኘው ጫፍም ሬንጅ ተቀብቷል። የቀን ሠራተኞቹ በአካባቢው እንደተለመደው የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንቀባው ብለው ነበር። ዘይቱ ለጥቂት ዓመታት ነቀዝን እንደሚከላከል አልጠራጠርም፤ ከመሠረቱ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ግን ጎመንና ጤና አዳም ይበቅላል፤ ስለዚህ አልፈቀድኩም።

ጥር፦ ጭቃው

ይህ የሥራው ዋና ክፍል በመሆኑ በዝርዝር እጽፈዋለሁ። የጭቃ ሥራ ከበልግ ዝናብ በፊት አልቆ መድረቅ አለበት፤ ጥርን ያሳለፈ ሰው በመጋቢት ዝናብ እርጥብ ግድግዳ ላይ ሸራ ሲጋርድ ይከርማል።

በግቢው የታችኛው ጫፍ ያለው አፈር መረሬ ነው። ቅርብ ስለሆነና ስለማያስከፍል የቀን ሠራተኞቹ ከዚያ መቆፈር ጀምረው ነበር። መረሬ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋ እርሻው ላይ የሚታየው ስንጥቅ በግድግዳ ላይም ይመጣል። ነገሩን በቃል ከመከራከር ለማየት ይሻላል ብለን የሁለቱን አፈር ናሙና በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር በጥብጠን አሳደርነው። ከኮረብታው በኩል የመጣው ቀይ አፈር በሥሩ ወፍራም የአሸዋ ንጣፍ አስቀመጠ፤ የመረሬው ጠርሙስ አሸዋው ከጥፍር የማይበልጥ ሲሆን ውኃው በማግስቱም አልጠራም።

ቀጥሎ በኩሽናው ጀርባ ግድግዳ ላይ የተለያየ ቅልቅል በትንንሽ አራት ማዕዘን ለስነን እንዲደርቅ ተውነው። መረሬ ከጭድ ጋር ብቻ የተለሰነበት ቦታ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ቀይ አፈር ከጭድ ጋር ብቻ የሆነው ደግሞ ቀጫጭን ስንጥቅ አሳየ፤ በቆመበት ግን ጸና። ሁለት ባልዲ ቀይ አፈር ለአንድ ባልዲ አሸዋ ሆኖ ጭድ የገባበት ከሁሉ የተሻለ ነበር። አሸዋው ወደ እኩል ሲጠጋ ስንጥቁ ጨርሶ ጠፋ፤ ነገር ግን በመዳፍ ሲታሽ ይራገፋል። ሁለት ለአንድ የሆነውን ያዝን። ቀዩን አፈር በሁለት የመኪና ጭነት ያስመጣነው በ18 ሺህ ብር ነው፤ ከወጪው ሁሉ የማይቆጨኝ ይህ ነው።

ጭዱ የጤፍ መሆን አለበት። የስንዴ ጭድ ወፍራምና አንሸራታች በመሆኑ ጭቃው አይይዘውም፤ የጤፍ ጭድ ግን ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ በጭቃው ውስጥ ይሰራጫል። ጭቃው በጉድጓድ ውስጥ በእግር ተረግጦ፣ ጭድ እየተጨመረበት፣ በየሁለት ቀኑ ውኃ እየጠጣና እየተረገጠ ለሦስት ሳምንት ቦክቷል። ሲበስል ሽታው ይከብዳል፤ ጎረቤትም ይጠይቃል። የቦካ ጭቃ ከአካፋ ላይ እንደ ሊጥ ተስቦ ይወርዳል፤ ያልቦካው ይቆረሳል። አናጺው የጭቃውን መብሰል የሚለዩት በዚህ ነው፤ እንዲቸኩሉ ስጠይቃቸው «ለቤቱ ነው ወይስ ለደላላው?» ብለው መለሱልኝ፤ ከዚያ በኋላ አልጠየቅኩም።

ማገሩ በወደቀበት ቦታ አዲስ ማገር በገመድ ታስሯል፤ ሚስማር ቀጭኑን እንጨት ስለሚሰነጥቅ ጥቅም ላይ የዋለው በጫፎቹ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምርጊት በሁለት ሰው፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆኖ በአንድ ጊዜ ተመታ፤ ጭቃው በማገሩ መካከል ተገናኝቶ እንዲቆላለፍ ያስፈልጋል። ከነባሩ ጭቃ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነባሩ በውኃ ካልረጠበ አዲሱን ስለሚጠጣው በማግስቱ ይላቀቃል። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምርጊት በዚሁ ምክንያት ወርዶ እንደገና ተመትቷል። ሁለተኛው እጅ የመጀመሪያው ደርቆ ስንጥቁን ካወጣ በኋላ ነው የገባው፤ ስንጥቁ ራሱ ለሁለተኛው መያዣ ይሆናል።

የሳሎኑን የውስጥ ግድግዳ ስንፍቅ ከዘይት ቀለሙ ሥር ጋዜጣ አገኘን። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ፣ በላዩም ሌላ ጋዜጣ የተደረበበት ነው። ከላይ ያለው የ1950ዎቹ አዲስ ዘመን ሲሆን ቀኑ የሚነበብበት ጥግ አልተቀደደም። ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1933 ዓ.ም. ስለሆነ ከሥር ያለው ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚሄድ ለማወቅ መላጥ ያስፈልጋል፤ ሲላጥ ደግሞ የላዩ ይጠፋል። ትራስ በሚያክል ስፋት እንዳለ ትተን መስታወት ገጠምንበት፤ የቀረው ተፍቆ ተለስኗል።

የካቲት፦ ጣሪያና ወለል

ጭቃው በሚደርቅበት ጊዜ ወደ ጣሪያው ወጣን። ነባሩ ቆርቆሮ ዛሬ በብዛት ከሚሸጠው 32 ጌጅ በግልጽ ይወፍራል (የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል)፤ የዛገው የታችኛው ረድፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ከመለወጥ የታችኛውን ረድፍ ብቻ በ28 ጌጅ ለውጠን፣ የአንዱ ቆርቆሮ ዋጋ 1,050 ብር ሆኖ 24 ቆርቆሮ 25,200 ብር አወጣ። የነባሩና የአዲሱ ሸንተረር ስፋት በትክክል አይገጥምም፤ በመደራረቢያው ላይ ክፍተት ስለሚፈጠር መደራረቢያውን ከአንድ ስንዝር አሳልፈን፣ በሚስማሩ ሥር ጎማ አድርገናል። በጎን የሚታየው የቀለም ልዩነት ግን አልተደበቀም፤ እህቴ ሙሉው ቀለም ይቀባ ብትልም ገንዘቡን ለአሸንዳው አዋልኩት። ቤቱ ከዚህ ቀደም አሸንዳ አልነበረውም፤ የጣሪያው ውኃ በሙሉ በአበባ መደቡ ላይ ነበር የሚወርደው።

በበረንዳው ጠርዝ ላይ የተሰቀለው ተጠርቦ የተበሳ ጌጠኛ ጣውላ፣ ገዢ ገና ከበሩ ሳይገባ የሚያየው የቤቱ መልክ ነው። ከጣውላዎቹ አንዳንዶቹ ጠፍተዋል፣ አንዳንዶቹም ተሰብረዋል። ጤነኛውን ጣውላ በካርቶን ላይ ገልብጠን ለጎደሉት ተመሳሳይ አስጠረብን፤ በማሽን ቤት የተቆረጡት ግን ጠርዛቸው ስለታም ሆኖ ከአሮጌዎቹ አጠገብ ሲሰቀሉ በግልጽ ያስታውቁ ነበር። አናጺው ጠርዙን በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለዝበው፣ ሁሉም በተልባ ዘይት ከታሸ በኋላ ተስማሙ። የዘይት ቀለም መቀባት ይቀል ነበር፤ እንጨቱን እንደገና መሸፈን ግን የጀመርነውን ሥራ መቃረን ይሆናል።

ወለሉ ከፈራነው በታች ጉዳት ነበረበት። የተደፈኑት የአየር ቀዳዳዎች ተከፍተው ለአይጡ ወንፊት ሽቦ ተደረገላቸው፤ ከመኝታ ቤቱ ጣውላዎች አንዳንዶቹ ብቻ ተለወጡ። የወለሉ የእርጥበት ሽታ በሳምንቱ ውስጥ ቀነሰ። መብራቱን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከቆጣሪው ጀምሮ በአዲስ ሽቦ ሠርቶታል፤ 22 ሺህ ብር።

መጋቢት፦ ኖራ

ልስኑ ላይ ጥሩ የተነፋ ቀይ አፈር፣ ደቃቅ አሸዋና እበት ገብቷል። እበቱ ልስኑን ያያይዘዋል፤ ሲደርቅም ሽታው ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀባው ምን ይሁን በሚለው ላይ ከቀለም ቀቢው ጋር አልተግባባንም። ቀቢው በፕላስቲክ ቀለም በሁለት እጅ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ግድግዳው የያዘውን እርጥበት እንዲያስወጣ ኖራ ይቀባ ባይ ነኝ። ኖራው በበርሜል ውኃ ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ተቀመጠ፤ ሲቀባ እንደ ወተት ቀጥኖ፣ ግድግዳው እየረጠበ፣ በአራት ስስ እጅ ነበር። ቀቢው የመጀመሪያውን እጅ አወፍሮ ስለቀባው በማግስቱ በጨርቅ ሲነካ እየተላጠ ዱቄት ሆነ፤ በብሩሽ ተፍቆ እንደገና ተጀመረ። ኖራ ጥንካሬ የሚያገኘው ከአየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ወፍራም ከሆነ ላዩ ብቻ ይጸናል። እርጥብ ሳለ ግራጫ ስለሚመስል ቀቢው በሦስተኛው እጅም «አልነጣም» እያለ ያጉረመርም ነበር። ሲደርቅ ነጣ። ዓይን ላይ ከተፈናጠረ ክፉኛ ያቃጥላልና መነጽር ሳያደርጉ መቀባት አይገባም።

በዚሁ ወር መጨረሻ በልጉ ዘነበ። የምዕራቡ ግድግዳ ረጥቦ ጠቆረ፤ ፀሐይ ሲወጣ ግን እስከ ቀትር ድረስ ደርቆ ነጭ ሆነ። ሲሚንቶ በነበረበት ጊዜ ያ ውኃ እስከ ሰኔ ውስጡ ይቆይ ነበር።

ሚያዝያ፦ ግቢው

ከሁሉ አስቀድሞ የአበባ መደቡ ከግድግዳው ሥር ተነሳ። አፈሩ ሲወገድ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ አለ፤ ከፊሉን ከብዙ ዓመት ወዲህ ለማየት የታደልን የመጀመሪያዎቹ እኛ ሳንሆን አንቀርም። በቤቱ ዙሪያ ጠጠር የተሞላበት ቦይ ተቆፍሮ ተዳፋቱ ወደ ታችኛው አጥር ተደርጓል። የተነሳው አፈር ለብዙ ዓመት ፍግ የጠጣ ስለሆነ አልተጣለም፤ ወደ ፕሪሙና ወደ ኮኩ ሥር ሄዷል።

በምዕራብ በኩል ከቤቱ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ የነበሩት ባህር ዛፎች ተቆርጠው ለአጠናና ለማገዶ በ48 ሺህ ብር ተሽጠዋል። ከግቢው ፊት ያለው መንገድ የሚያልፈው ወደ አዲስ ዓለም ነው፤ ምኒልክ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማቸውን ሊያዛውሩ ያሰቡበት ቦታ። ባህር ዛፍ በፍጥነት መብቀሉ አዲስ አበባን ባለችበት ካቆዩአት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ለቤት ግድግዳ ግን መጥፎ ጎረቤት ነው፤ ጥላው ግድግዳውን ከፀሐይ ይከልላል፤ ቅጠሉ አሸንዳ ይደፍናል። ጉቶው ካልተነቀለ እንደገና እንደሚያቆጠቁጥ ለገዢው በጽሑፍ አስታውቃለሁ፤ ማስነቀሉ ከተወሰነልን ገንዘብ በላይ ሆኗል።

ሁለቱ ትልልቅ ጽዶች፣ ወይራው፣ በመንገዱ በኩል ያለው የኮሽም አጥርና በውኃ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ቀጋ አልተነኩም። ኮሽሙ እሾሁ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ከማንኛውም የቆርቆሮ አጥር የተሻለ ነው፤ ደላላው ነቅለን ግንብ እንድናቆም ቢመክርም ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ፍላጎትም አልነበረኝም። የታኅሣሥ ውርጭ ያቃጠላቸው ጽጌረዳዎች ደረቁ ተገርዞላቸው አቆጥቁጠዋል።

የኩሽናው በር ከውጭ ስለበሰበሰ በዚሁ ወር ተለውጧል። በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ምክንያት በፈረሱት አሮጌ ቤቶች የወጡ በርና መስኮቶች በብዛት ለሽያጭ ቀርበው ነበር፤ ከነማጠፊያው ሙሉ የሆነ የዝግባ በር በአዲስ የቆርቆሮ በር ዋጋ ተገኝቷል። ስፋቱ ከእኛ መቃን በአራት ጣት ይበልጥ ስለነበር መቃኑ ነው የተስተካከለው፤ በሩ አልተቆረጠም።

ግንቦት፦ ወረቀትና ገዢ

ወጪው ሲደመር የሠራተኛና የባለሙያ 168,000፣ አፈር 18,000፣ ጭድ 6,500፣ ኖራ 9,600፣ ቆርቆሮ 25,200፣ አሸንዳ 14,000፣ አሮጌ እንጨትና በር 31,000፣ መብራት 22,000፣ ዘይትና ቀለም 12,000፣ ቡሎንና ሚስማር 7,500 ሆኖ በድምሩ 313,800 ብር ነው። የባህር ዛፉ ሽያጭ ሲቀነስ ከወራሾቹ የወጣው 265,800 ብር ይሆናል። ከግማሽ በላይ የሆነው ለሰው ጉልበት የተከፈለ ነው፤ በጭቃ ቤት ሥራ ዕቃው ርካሽ፣ እጁ ውድ ነው።

ቀያሽ አስመጥተን ስናስለካ አጥሩ በካርታው ላይ ካለው 1,180 ካሬ ሜትር በ90 ያህል በልጦ ተገኘ። ታናሽ ወንድሜ በማስታወቂያው ላይ በአጥሩ ልክ ይጻፍ ብሎ ነበር። ትርፉ ካርታ ስለሌለው ለገዢ ብናስከፍልበት ነገ ክስ ይዞብን ይመጣል ብዬ ተከራክሬ፣ በካርታው ልክ ተጽፏል፤ ትርፉም ለገዢ በቃል ብቻ ሳይሆን በንድፉ ላይ ተሰምሮ ይታያል። በማስታወቂያው ላይ «ታሪካዊ ቅርስ» የሚል ቃልም አልገባም። ቤቱ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የተመዘገበ ቅርስ አይደለም፤ «አሮጌ፣ በነባሩ አሠራር የታደሰ የእንጨትና የጭቃ ቤት፣ ከነአትክልቱ» ተብሏል።

ይዞታው ነባር በመሆኑ ገዢው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት መሬቱን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ነው። ለእኛ በውርስ ሲተላለፍ አልነካንም፤ ከእኛ ለሚገዛው ግን ይነካዋል። ደላላው ይህን ለገዢ አስቀድሞ መንገር ዋጋ ያስቀንሳል ባይ ነበር። አስቀድሞ ያልተነገረው ደግሞ ስም ሲዛወር መሰማቱ አይቀርም፤ ከዚያ ላይ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ሲጨመር የተስማማ ገዢም ይሸሻል። ለጠየቀን ሁሉ ከመጀመሪያው ተነግሮታል።

እስካሁን በቁም ነገር የተነጋገሩን ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው መጋዘን ሊሠራበት የሚፈልግ ነጋዴ ነው፤ ወደ ውስጥ ሳይገባ አጥሩን ዞሮ አይቶ ከሌላኛው በ1 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ዋጋ አቀረበ፤ የሊዙን ነገር ሲሰማ ግን ጠበቃ ላማክር ብሎ ሄዷል። ሁለተኛዎቹ ባልና ሚስት ሲሆኑ ሚስትየዋ የወለሉን ጣውላ አስነስታ ሥሩን በባትሪ አይታለች፤ ስለ ቋሚዎቹ እግር የጻፍኩትንም ተቀብላ አንብባዋለች። ጥያቄዋ ኖራው በስንት ዓመት ይታደሳል የሚል ነበር፤ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ በአንድ ስስ እጅ ብያታለሁ። ታላቅ እህቴ «ወንድምዓለም፣ ሚሊዮኑን ማን ይተካልናል?» ብላ ጠይቃለች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ገዢ ቤቱን እንዳያፈርስ በውል ማሰር አንችልም፤ ከሸጥን በኋላ የእሱ ነው። የምናውቀው ነጋዴው ቀብድ እንዳላቀረበ፣ ባልና ሚስቱ ግን እንዳቀረቡ ነው።

ወራሾቹ በድምፅ ብልጫ ለባልና ሚስቱ ለመሸጥ ወስነናል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው አካል ፊት ይፈረማል፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በሌላ መንገድ አይጸናም። የሁላችንም የወራሽነት ማስረጃ ተያይዟል፤ ውጭ አገር ያለው ወንድማችን ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ልኳል። ከዚያ በፊት በእኛ ወጪ የሚያልቁ ሁለት ሥራዎች ቀርተዋል፤ በኩሽናው በኩል ያለው አሸንዳ ከማጠራቀሚያው በርሜል ጋር መያያዝና በሰሜን በኩል ያለው ቦይ የጎደለው ጠጠር። ሁለቱም ሰኔ ሳይገባ ያልቃሉ ተብሎ በውሉ አባሪ ላይ ሰፍሯል፤ አናጺውም ለሰኞ ቀጠሮ ይዘዋል።